ያገለገለች መኪና፣ ያልተቆጠረ ጥይት

ቡሹሎ፣ ሐዋሳ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአበው ብሂል የጦር መሣሪያ ታሪካችንን ያህል በልክ የሚገጥመው ጉዳይ ያለ አይመስለኝም። አገራችን ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ጠመንጃ ስትገዛ ኖራለች። የገዛችውም በአብዛኛው ሌላው ተጠቅሞ የተወውን ነው። ጠመንጃው መጣ፤ ጥይቱን የሚያበጀው እጅ፣ ባሩዱን የሚለካው ሚዛን፣ የተተኮሰውን የሚቆጥረው መዝገብ ግን አብሮት አልመጣም። የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ጉድለት ላይ ያተኩራል። መነሻዬ ታንክ ወይም መድፍ አይደለም። በጠረጴዛ ጫፍ ላይ በብሎን የምትታሰር፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሳት ትንሽ የብረት መኪና ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ማዶ የሚኖርና በትርፍ ጊዜው የሸክላ ዒላማ ተኩስ የሚያዘወትር አንድ ወዳጄ በቅርቡ ደብዳቤ ጻፈልኝ። «ያገለገለች የረሽ ጥይት መሙያ በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ገዝቼ ልላክላችሁ? የቡሹሎ ገበሬ ጉማሬና ከርከሮ ማሳውን ሲያወድሙበት ውድ ጥይት ከሚገዛ፣ የተተኮሰውን ቀለህ መልሶ እየሞላ ይጠቀም» ይላል። ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አውቃለሁ። ቡሹሎ ከሐይቁ ዳር ያለች መንደር በመሆኗ ሌሊት ከውኃ የሚወጣው ጉማሬ በቆሎውን እንደሚረግጥ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። ይሁን እንጂ መልሴ «አትላክ» የሚል ነው። ምክንያቴን ለእሱ ብቻ ጽፌ ልተወው አልወደድሁም፤ ምክንያቱም ከአንዲት መኪና አልፎ የአገር ጉዳይ ይነካልና።

መኪናዋ ምን ትሠራለች?

ረሽ የምንለው ጠመንጃ በአንድ ተኩስ በርካታ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎችን የሚረጨውን ነው። ጥይቱ አምስት ክፍሎች አሉት። እነርሱም ግርጌው ብረት የለበሰ የፕላስቲክ (በቀድሞው ዘመን የወረቀት) ቀለህ፣ በግርጌው መሐል የምትሰካ መለኮሻ፣ ባሩድ፣ ባሩዱን ከፍሬው የሚለየው ውታፍና የእርሳሱ ፍሬ ናቸው። ሲተኮስ አራቱ ያልቃሉ፤ ቀለሁ ይቀራል። መሙያዋ መኪና ይህን ቀሪ ቀለህ ተቀብላ የተቃጠለችውን መለኮሻ ትገፋለች፤ ያበጠውን ግርጌ ወደ ልኩ ትመልሳለች፤ አዲስ መለኮሻ ትሰካለች፤ ባሩድ፣ ውታፍና ፍሬ በየተራ ትጨምራለች፤ በመጨረሻም የቀለሁን አፍ አጥፋ ትደፍናለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው በአንድ እጀታ ወደ ታች መጫን ነው።

በአሜሪካ ይህ ሥራ የብዙ ተኳሾች የጓዳ ሙያ ነው። በዊስኮንሲን ግዛት ሜቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1945 የተመሠረተው ኩባንያ «ሜክ» በሚል ምልክት የሚያወጣቸው መኪኖች፣ በተለይም «600 ጁኒየር» የተባለችው፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ናቸው። አሠራሯ ቀላል፣ አካሏ ብረት ስለሆነ ብዙ ዓመት ያገለገለችውም ከአዲሷ እምብዛም አታንስም። «ሊ» የተባለው ኩባንያ የሚያወጣት «ሎድ ኦል» ደግሞ አብዛኛው አካሏ ፕላስቲክ በመሆኑ ርካሽ ናት፤ ስታረጅም በዚያው መጠን ትላላለች። አንዳንዶቹ መኪኖች አንድ ቀለህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካልተሞላ ሌላ አይቀበሉም፤ ሌሎቹ በአንድ የእጀታ ጫና ብዙ ቀለህ በየደረጃው ያስኬዳሉ። ለጀማሪ የሚመከረው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። አንድ ስሕተት ቢፈጠር በዐይን ይታያልና።

ያገለገለ መኪና የሚመርጥ ሰው ልብ የሚላቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። እጀታው ሲጫን ማያያዣው ይወላገዳል ወይ? ተሸካሚው ምሰሶ ዝጎ ወይም ተጣምሞ ይሆን? መለኮሻዋ ከግርጌው ጋር እኩል ትገባለች ወይስ ወጣ ብላ ትቀራለች? ወጣ ብላ ከቀረች ጠመንጃው ሲዘጋ ሳይታሰብ ልትቀጣጠል ትችላለች። ባሩድና ፍሬ የሚሰፍረው ተንሸራታች ዘንግና በውስጡ የሚገቡት ልዩ ልዩ ቀለበቶች ሙሉ ናቸው? የመመሪያው መጽሐፍ አብሮ አለ?

ከሁሉ በላይ ግን ሚዛን ያስፈልጋል። በቀለበቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር «ይህን ያህል ባሩድ እሰፍራለሁ» ቢልም፣ እንደ ባሩዱ ዓይነትና እንደ እጀታው አጫጫን መጠኑ ይለያያል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚሰፈረውን በሚዛን ሳይመዝኑ ሥራ አይጀምሩም። ከታመነ ሠንጠረዥ ውጭም አንዱን መለኮሻ በሌላ፣ አንዱን ባሩድ በሌላ አይለውጡም። በዐይን ሲታዩ አንድ የሚመስሉ ባሩዶች የሚነድዱበት ፍጥነት የተለያየ ነውና፣ ለአንዱ ልክ የሆነው መጠን ሌላው ሲሰፈርበት የጠመንጃውን አፈሙዝ ሊቀድ ይችላል። የመኪናዋ ዋጋ ርካሽ ነው፤ ውዱ ልኩን ማወቅ ነው።

የእኛ አሮጌ ጠመንጃና የእነርሱ አሮጌ መኪና

አሁን መኪናዋን በሐሳባችን ወደ አገራችን እናምጣት። መጀመሪያ የሚያጋጥመን የልክ ጉዳይ ነው። የረሽ ጠመንጃ ልክ በቁጥር ይጠራል፤ «ካሊብር 12» ማለት ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ዐሥራ ሁለት እኩል ድቡልቡል ጥይት ቢሠራ የአንዱን ውፍረት የሚያክል አፈሙዝ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ አፈሙዙ ይጠብባል። በአሜሪካ ገበያ በብዛት የሚገኘው ያገለገለ መኪና ለካሊብር 12፣ ለዚያውም 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላለው ቀለህ የተዘጋጀ ነው።

በእኛ አገር ከአያት የተወረሱት ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃዎች ግን የአውሮፓ ሥራ ናቸው። በቀድሞው ዘመን ከተሠሩት የአውሮፓ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ካሊብር 16 ሲሆኑ፣ የጥይት ማደሪያቸውም 65 ሚሊ ሜትር ነው። ረዥሙ ቀለህ በአጭሩ ማደሪያ ውስጥ ሳይተኮስ ይገባል፤ ሲተኮስ ግን የታጠፈው አፍ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣና ግፊቱ ከልክ በላይ ያሻቅባል። ብረትና ዐረብ ብረት ተጠምዝዞ የተሠራው የጥንቱ አፈሙዝ ደግሞ የተበጀው ለጥቁር ባሩድ እንጂ ለዘመናዊው ጭስ አልባ ባሩድ አይደለም። እንግዲህ ጥሩ መኪና ከጥሩ ጠመንጃ ጋር ቢገናኝ እንኳ፣ ልካቸው ካልተስማማ የሚጎዳው ጠመንጃውን በትከሻው ያሳረፈው ገበሬ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ደግሞ የመኪናዋ ቀለብ ነው። ቀለሁ ቢጠራቀም፣ እርሳሱም ከአሮጌ ባትሪ ቢቀልጥ (ጭሱ ለሕፃናት መርዝ መሆኑን ለጊዜው እንተወውና)፣ መለኮሻውና ባሩዱ ከየት ይመጣል? በሐዋሳ ገበያ እንደ ስኳር የሚሸመት አይደለም። እያንዳንዷ መለኮሻ ከውጭ መምጣት ካለባት፣ ወዳጄ «ነፃ ያወጣችኋል» ያላት መኪና ገበሬውን ከጥይት ሻጭ ወደ ባሩድ ሻጭ ታዘዋውረዋለች እንጂ ነፃ አታወጣውም። በዓመት ብዙ ሺህ ጊዜ ለሚተኩስ የአሜሪካ ስፖርተኛ ቁጠባ ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚተኩስ ሰው ግን የመኪናዋ ዋጋ ዕድሜውን ሙሉ አይመለስም። ለጉማሬ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይረባም። ጥቃቅን ፍሬ ጉማሬን አይገድልም፤ አቁስሎና አስቆጥቶ በማግስቱ በዓሣ አስጋሪው ጀልባ ላይ ያስነሳዋል እንጂ።

ታሪካችን የሚለው ምንድን ነው?

ይህ የአንድ ገበሬ ችግር በአገር ደረጃ ስንት ጊዜ ደረሰብን? ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡት ነገሩ ስለገባቸው ነበር። ከ6 ቶን በላይ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል እስከ መቅደላ አስጎትተዋል። የጎደለው የንጉሡ ቁርጠኝነት ወይም የሕዝቡ ጉልበት አልነበረም። ልኩን የሚያውቅ፣ ዕውቀቱንም ለተከታዩ ትውልድ የሚያወርስ ተቋም ነበር የጎደለው። እርሳቸው በ1860 ዓ.ም. ሲሞቱ ጋፋትም አብሮ ሞተ።

ዐፄ ምኒልክ ሌላውን መንገድ መረጡ፤ ገዙ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ለቤል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ስትቀበል የ1874ቱን «ግራ» ጣለችው፤ የጣለችውን እኛ «ወጅግራ» ብለን ታጠቅነው። ሰናድር፣ ሬሚንግተን፣ አልቢን፣ ወጅግራ፣ ኋላም ምንሽር እያልን የምንዘፍንላቸው ስሞች በአብዛኛው የአውሮፓ ግምጃ ቤቶች ማጽጃ ታሪክ ናቸው። ምኒልክ በዚህ ግዢ ብልህ ነበሩ፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ውጤቱ ታየ። ይሁን እንጂ የወጅግራ ጥይት በዚያ ዘመን ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ በገበያ ይዘዋወር እንደነበር ማስታወስ ያሻል። ጥይት ገንዘብ የሚሆነው ሁሉ ሰው ሲፈልገውና በአገር ውስጥ የሚሠራው ሲጠፋ ነው።

ዕዳው የተከፈለው በ1928 ዓ.ም. ነበር። ማይጨው ላይ የዘመተው ሠራዊታችን የብዙ አገርና የብዙ ዘመን ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ የያዘውም ጥቂት ነበር። ጦርነቱ ሲቃረብ ኃያላኑ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲከለክሉ፣ ፋብሪካ ያላት ኢጣልያ አንዳች አልጎደለባትም። ፋብሪካ የሌላት ኢትዮጵያ ግን እጇ ታሰረ። «እኩል» የተባለው ክልከላ ምን ያህል እኩል እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል።

ትምህርቱን ቀሰምነው እንዳንል፣ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈራርመን ሠራዊታችንን በእርሷ መሣሪያና በእርሷ ጥይት አደራጀን። በ1969 ዓ.ም. ግንኙነቱ ሲቋረጥ፣ ለዚያውም የሶማሊያ ወረራ በደጅ ሳለ፣ ጠመንጃውንም ጥይቱንም በሶቪየት ልክ ከሥሩ መለወጥ ግድ ሆነ። አርበኝነት አልጎደለንም፤ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ግን ልክ ስንቀይር ኖረናል።

የሜቴክ ትምህርት

«ታዲያ እኛም ማምረት ጀምረን የለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጀምረናል። ሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ ከአምቦ አካባቢ፣ የጋፋትን ስም የወረሰው የመሣሪያ ፋብሪካም ከደብረ ዘይት አሉ። ሁለቱም በ2002 ዓ.ም. በተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በአጭሩ ሜቴክ፣ ሥር ገብተው ነበር። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት በሰጠው መግለጫ ኮርፖሬሽኑ 37 ቢሊዮን ብር የሚገመት የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን አስታወቀ። ዕድሜያቸው የገፋ ሁለት መርከቦች ለመቆራረጥ በሚል ከተገዙ በኋላ ለንግድ ጉዞ መዋላቸውም በዚያው ሰሞን ለሕዝብ ተነገረ።

የሰዎቹን ጥፋተኝነት ለፍርድ ቤት እተወዋለሁ። ለእኔ የሚበልጠው ጉዳይ ሌላ ነው። ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም። ነውሩ እጀታውን ሳይፈትሹ፣ መለዋወጫውን ሳይጠይቁ፣ ሚዛን ላይ ሳያስቀምጡ፣ ለማንም ሳይናገሩ መግዛት ነው። የዊስኮንሲን ጡረተኛ አንዲት አሮጌ መሙያ ሲገዛ የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች፣ ቢሊዮኖች የሚያንቀሳቅስ የመንግሥት ድርጅት ሳይጠይቅ ከቀረ ችግሩ የድህነት አይደለም። ያ ጡረተኛ ቢሳሳት የሚቀደደው የራሱ አፈሙዝ በመሆኑ ይጠነቀቃል። እኛ ዘንድ የሚሳሳተው አንዱ፣ የሚቆስለው ሌላው ነው።

ቀለህ ምስክር ነው

ለወዳጄ ያልኩትን «አትላክ» ከሁሉ በላይ የሚያጸናው ምክንያት ግን ይህ ነው። በፋብሪካ ጥይት ግርጌ ላይ የሠሪው ምልክት፣ በወታደራዊው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሠራበት ዓመት ጭምር ይቀረጻል። ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ መሬት ላይ የሚወድቀው ቀለህ ስለዚህ ዝም አይልም። ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራ፣ ምናልባትም ወደ ማን ግምጃ ቤት እንደገባ ይናገራል። በጓዳ የተሞላ ጥይት ግን በግርጌው የመጀመሪያውን ሠሪ ስም ተሸክሞ በውስጡ የማይታወቅ ሰው ሥራ ይዟል። ምስክሩ በሐሰት ይመሰክራል።

ይህ ሐዋሳ ላይ ለሚኖር ሰው የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በከተማችን ዳርቻ በሎቄ በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ተተኩሶ ሰዎች ሞተዋል። የሟቾቹ ቁጥር ስንት እንደነበር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም.ና በቀጣዮቹ ቀናትም በከተማዋና በሲዳማ ልዩ ልዩ ወረዳዎች ደም ፈሷል። ሙታን ባልተቆጠሩበት አገር ጥይት ይቆጠራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። እኔ ግን ነገሩን ገልብጬ ማየት እወዳለሁ፤ ጥይት ቢቆጠር ሙታንን መካድ ይከብዳል። ከግምጃ ቤት ስንት ወጣ፣ ስንት ተመለሰ፣ ስንት ቀለህ ተሰበሰበ፣ ማን ፈረመ? እነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ካላቸው «ማን ተኮሰ?» የሚለው አምስተኛው ያለ መልስ አይቀርም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መያዝን፣ ማዘዋወርንና መነገድን ይከለክላል። በመርሕ ደረጃ የምደግፈው ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መንፈስ፣ በጓዳ ጥይት መሙላት ከቁጥጥር ውጭ ሊተው የሚገባ ነገር አይደለም። ነገር ግን ሕጉ ዐይኑን ወደ ገበሬው ጓዳ ብቻ አፍጥጦ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት የሚጨፍን ከሆነ፣ ገበሬው «ለእኔ ሲሆን ቆጠራ፣ ለእነርሱ ሲሆን ምስጢር» ብሎ ጠመንጃውን መቅበሩ አይቀርም። እምነት የሚገዛው በእኩል ሚዛን ነው።

ሐይቁም ባለጉዳይ ነው

አንድ ነገር ልጨምር። ከረሽ የሚረጨው የእርሳስ ፍሬ በውኃ ዳር ሲወድቅ በዚያ ይቀራል። ይብራና ሌሎች የውኃ ወፎች ጠጠር መስሏቸው ይውጡትና በመርዙ ያልቃሉ። በዚህ ምክንያት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ለውኃ ወፍ አደን የእርሳስ ፍሬን በመላ አገሪቱ ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በረግረግና በውኃማ ስፍራዎች ከልክሏል። እነርሱ ከሐይቆቻቸው ያስወጡትን መርዝ እኛ ቆሮሶና አምባዛ ወደምናወጣበት ሐይቅ በስጦታ የምናስገባበት ምክንያት አይታየኝም።

የሥርዓት መላላት ለዱር እንስሳ ምን እንደሚያመጣም ከሐዋሳ ሩቅ ሳንሄድ አይተናል። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጊዜ በሰንቀሌ መጠለያ የነበረው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው የስዋይን ቆርኬ መሣሪያ በያዘ ሰው እጅ ተጨፍጭፎ ለጥቂት ነው ከምድረ ገጽ ከመጥፋት የተረፈው።

ምን ይደረግ?

ክልከላ ብቻ መፍትሔ ነው የሚል እምነት የለኝም። የሚታየኝን በአጭሩ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ጥይት መሙላት ጨርሶ የሚፈቀድ ከሆነ ፈቃድ ባላቸው የአደን ድርጅቶች ወይም በተመዘገበ የተኩስ ስፖርት ማኅበር ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ በሠለጠነ ሰው፣ በሚዛንና በመዝገብ ይሁን፤ በጓዳ አይሁን።

ሁለተኛ፣ የተወረሱት አሮጌ ጠመንጃዎች ሲመዘገቡ ልካቸውና ደኅንነታቸው በባለሙያ ይመርመር። መዝገቡ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን አፈሙዙንም ይወቅ።

ሦስተኛ፣ የጸጥታ ኃይሎች ጥይት ወጪና ተመላሽ፣ የጦር ስልት ምስጢር ሳይነካ፣ በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት በየዓመቱ ይመርመር።

አራተኛ፣ ማሳው በጉማሬ ለሚወድምበት ገበሬ የሚያስፈልገው ቦይ፣ አጥርና ካሳ ነው። ለበቆሎ ችግር የጥይት መልስ አንስጥ።

ወዳጄ አሁንም ገንዘቡን ለበጎ ሊያውለው ቢወድ፣ ቡሹሎ እናቶችና ሕፃናት ከሩቅ ወረዳ ጭምር ለሕክምና የሚመጡባት መንደር ናት። ለዚያ የሚላክ ያገለገለ መሣሪያ ቢኖር ደስታውን አልችለውም። ያን ጊዜም ግን የምጠይቀው ያንኑ ነው፤ ልኩ ይስማማል? መለዋወጫው ይገኛል? የሚመዝነው ማን ነው? ቢበላሽ የሚጠየቀውስ ማን ነው?

ቸር ይግጠመን።